ብረት የሚያለቅስባቸው ካሴቶች

እንዳደርሳት የተሰጠችኝን አንዲት ወረቀት ሳላደርስ ቀርቻለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። የጻፋት አጎቴ ነው፤ መድረስ የነበረባት ከጅጋ ፍኖተ ሰላም ነበር፤ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይደለም። እሷ ግን በቆዳ ተሰፍታ፣ መጀመሪያ በወንድሜ አንገት፣ ኋላም በልጄ አንገት ተንጠልጥላ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረች። ምን እንደምትል ዛሬ መናገር የቻልሁት ፊደል ስለቆጠርሁ ነው። ፊደል የቆጠርሁት ደግሞ ለእሷ ስል ነው።

እንዳለው የሚባለው ይህ አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። መንግሥት ተለውጦ አሥመራ የነበረው ጦር ሲበተን፣ በሱዳን በኩል ዞሮ፣ ወራት ቆይቶ፣ ጅጋ እኛ ቤት ደረሰ። ጠመንጃ አልያዘም። የያዘው በፎጣ የተጠቀለሉ ሦስት ካሴቶች ብቻ ነበር። አባቴ ላቀው ፎጣው ሲፈታ አይቶ፣ “ሰው ከጦር ሜዳ ሲመለስ ምርኮ ያመጣል፤ አንተ ዘፈን አመጣህልን?” አለው።

“ምርኮውማ እኔው ነበርሁ፣ አያ ላቀው፤” አለ አጎቴ። እናቴ ንግሥቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ አለቀሰች።

ሌሎች ልጆች አጎታቸውን አንቱ ይላሉ። እሱ ግን ከለከለኝ። “አንቱ የሚባለው ሻለቃዬ ነበር። ስትይኝ ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል” አለኝ።

መቀመጥ አይችልም ነበር። ከአጥሩ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ አጥሩ ይመላለሳል። ጎረቤት እንጨት ሲፈልጥ ዘጭ ብሎ መሬት ይይዛል፤ ቆይቶ አቧራውን አራግፎ እንደገና መሄዱን ይቀጥላል። ጣቶቹ ያለ ሥራ አንድ የማይታይ ነገር ያዞራሉ። ሰፈሩ “ለክፎታል” ይል ነበር፤ እኔም ጣቶቹን እያየሁ አምን ነበር። ጦር ውስጥ መገናኛ ነበር፤ ሬዲዮ ላይ የሚቀመጥ። ጣቶቹ ጣቢያ ይፈልጉ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

እኩለ ቀን ላይ፣ አባቴ እህል ሊገዛ ሲወጣ፣ አጎቴ የአባቴን ቴፕ ከመደርደሪያው ያወርዳል። የደከሙትን የባትሪ ድንጋዮች ፀሐይ ላይ ይደረድራቸዋል፤ ሲሞቁ ለአንድ የካሴት ጎን ያህል ነፍስ ይዘራሉ። ድንጋዩ በከንቱ እንዳያልቅ ካሴቱን በእስክሪብቶ ያጠነጥናል። ከዚያ ይከፍተዋል።

አንድ ሰውዬ በማላውቀው ቋንቋ፣ ተራ ወሬ እንደሚያወራ፣ ዝግ ብሎ ይዘፍናል። ቆይቶ ከኋላው አንድ ነገር ይነሣል። ሰው አይደለም፤ ማሲንቆም ዋሽንትም አይደለም። ከታች ተነሥቶ እየተጎተተ ሽቅብ ይወጣል፣ እላይ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ እንደ ቀለጠ ቅቤ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ያን ጊዜ የአጎቴ ጣቶች ያርፋሉ።

“ማን ነው የሚያለቅሰው?” አልሁት አንድ ቀን።

“ሰው አይደለም። ብረት ነው።”

“ብረት ያለቅሳል እንዴ?”

“ሲረግጡት።” ከዚያ ሳንቃ አምጥቶ ጉልበቱ ላይ አጋደመና በቢላዋ ጀርባ እያንሸራተተ አሳየኝ። “ፔዳል ስቲል ይሉታል። ጊታር ነው፤ ግን እንደ ጠረጴዛ ይጋደማል። ተጫዋቹ ፊቱ ተቀምጦ ለስላሳ ብረት በክሮቹ ላይ ያንሸራትታል። ከሥሩ መርገጫ አለው፤ ሲረግጠው ድምፁ ይታጠፋል። ማሲንቆ ድምፁን የሚያጥፈው በጣት ነው አይደል? ይህ በእግርም ነው። አሥመራ አንድ ቡና ቤት ነበር፤ አሜሪካኖች ጥለውት የሄዱት የዘፈን ሸክላ የሞላበት። እዚያ ነው የለመድሁት። ዘፈኑን ካንትሪ ይሉታል፤ ካንትሪ የሚባል ሁሉ ግን ካንትሪ አይደለም፣ አምለሰት። ብረቱ ከሌለበት ወሬ ነው።”

በእግር የሚረገጥ ነገር እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር ያለውን የልብስ ሰፊ ሲንጀር። ስለዚህ ካሴቱ በተከፈተ ቁጥር አንዲት ሴት ሲንጀር ላይ ተቀምጣ፣ እየረገጠች፣ እየሰፋች፣ ስታለቅስ ትታየኝ ነበር። የምትሰፋው ረጅም ነጭ ጨርቅ ነበር። የማን እንደሆነ መጠየቅ ፈራሁ።

በቅርቡ ወንድሜ ዘሩ፣ ያኔ ጡት የሚጠባው፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ባጃጅ የሚነዳው፣ የብረቱን ተጫዋች በስልኩ አሳየኝ። ወፍራም ሰውዬ ነው፤ ማስቲካ ያኝካል። ምንም አያለቅስም። ትንሽ ተናደድሁ።

የወረቀቱ ነገር የጀመረው ቴፑ አንዱን ካሴት የበላ ጊዜ ነው። አጎቴ ከጅጋ መውጣት አይወድም ነበር። የቀድሞ ወታደር ተመዝገብ ሲባል ተመዝግቦ መታወቂያ ይዟል፤ ቢሆንም ኬላ ሲያይ እግሩ እምቢ ይለዋል። እናቴ ቅዳሜ ገበያ ስትሄድ ካሴቱን ይዛ፣ እኔን አስከትላ፣ ፍኖተ ሰላም ሚፍታህ ሱቅ ገባች። ሚፍታህ ካሴት ይቀዳል፣ ይሸጣል፣ የተበላ ክር ይቀጥላል። ቀጥሎ ሲጨርስ ሊሞክረው ከፈተው። ብረቱ ሲነሣ እጁን ከአዝራሩ ላይ ሳያነሣ ቀረ።

“እታለም፣ ይህ የማን ነው?”

“የወንድሜ። ምነው፣ ኃጢአት አለበት?”

“ዘፈኑስ የለበትም። ኃጢአቱ ቅጂው ነው። የተሻለ አለኝ በይው።” በብጣሽ ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጻፈና ከሌላ ካሴት ጋር ሰጣት።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ወረቀት አመላላሽ እኔ ሆንሁ። የአጎቴን ይዤ እሄዳለሁ፤ የሚፍታህን ከካሴት ጋር ይዤ እመለሳለሁ። አጎቴ ሲሰጠኝ አራት አጥፎ፣ “አትክፈችው” ይለኛል። ሚፍታህ ገና በሩ ላይ ሲያየኝ፣ “ዶክተሩ ዛሬ ምን አዘዘ?” ይላል። ያነባል፣ ይስቃል፣ ራሱን እየነቀነቀ መደርደሪያውን ያያል። ከዚያ ለአጎቴ የሚነገር ይሰጠኛል።

“ነርሷ ያዘዘላትን ወስዳ ነበር። ሁለት ቀን ቀለል ብሎኛል ብላለች በይው።”

ወይም፣ “አስተማሪውን አልያዘለትም። ጠንከር ያለ ይዘዝለት በይው።”

እነዚህን ቃላት ሳልጥል ጅጋ አደርሳለሁ። አጎቴ ሰምቶ ከአጥር እስከ በር እየተመላለሰ ያስባል፤ ለነርሷና ለአስተማሪው፣ አንድም ቀን ላላያቸው ሰዎች፣ ይጨነቃል። ከዚያ ይጽፋል።

እንግዲህ እኔ ምን ላስብ? እኛ ቤት የተጻፈ ነገር ሁለት ብቻ ነበር፤ የአባቴ የግብር ደረሰኝና በእናቴ አንገት ያለው ክታብ። ደረሰኙ ማንንም አላዳነም። ክታቡ ግን እናቴን ከራስ ምታት አድኗል ይባላል፤ ደብተራው ሲሰጧት “አይከፈት፤ ከተከፈተ ይፈርሳል” ብለዋታል። አጎቴም አትክፈችው ይላል። ሰውም ዶክተር ይለዋል። የታመሙት ይሻላቸዋል፤ ወረቀቱ ሄዶ ካሴቱ ሲመጣ እሱም ራሱ ያርፋል። ወረቀቱ አጎቴ ለሚፍታህ ደንበኞች ስለሚመርጠው ካሴት ነው የሚያወራው ብሎ የነገረኝ የለም። “አትክፈችው” ያለኝ መንገድ ላይ ነፋስ እንዳይወስድብኝ ነበር።

ጥቅምት ውስጥ ጎረቤት ማኅበር ሲጠጣ አጎቴን ጠሩት። እናቴ ለምናው ሄደ። አንዱ ሰው በሩን ገጭ አድርጎ ሲዘጋው አጎቴ ወደቀ፤ ሲወድቅ ጋኑን ይዞ ወደቀ። የማኅበሩን ጠላ መሬት ጠጣው። ልጆቹ ሳቁ፤ ትልልቆቹ አልሳቁም፤ ይህ የባሰ ነበር።

በማግሥቱ አባቴና እናቴ ከጓዳ ሲነጋገሩ ከግድግዳው ማዶ ሰማሁ።

“እስከ ኅዳር ሚካኤል” አለ አባቴ። “እስከዚያ እንደ ሰው ሥራ ይዞ ካልቆመ ጠበል ይገባል። እምቢ ካለ በሰንሰለት።”

“ወንድሜ በሬ ነው?”

“በሬማ ቢሆን ያርስ ነበር።”

አባቴን ያን ቀን ጠላሁት። ሰንሰለቱ ከበረቱ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ነበር፤ ባለፍሁ ቁጥር ቀና ብዬ አየዋለሁ። ዛሬ እኔም ለልጅ የምፈራ እናት ሆኜ ሳስበው፣ አባቴ የፈራ ሰው ነበር። ምን ማድረግ እንዳለበት ሲጠፋው ያወቀውን አነሣ።

ከሚካኤል ሦስት ሳምንት ገደማ በፊት ሚፍታህ እንደ ሌላው ቀን አልቀለደም። ወረቀቱን በፖስታ አሽጎ ሰጠኝ። “ይህን ዛሬውኑ ስጭው። መልሱን የሚመጣው ቅዳሜ ካልላከልኝ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ በይው።”

“ምኑን?”

“እሱ ያውቀዋል።”

አጎቴ ፖስታውን ቀደደና ቆሞ አነበበ። እንደገና አነበበ። ከዚያ ተቀመጠ። ያለ ካሴት ሲቀመጥ ያን ጊዜ ገና አየሁት። ሦስት ቀን ጻፈ፤ ይሰርዛል፣ ይቀዳል፣ ወደ ሰማይ ያያል፣ በከንፈሩ ያዜማል። ከደብተር መሃል የተገነጠለ ሙሉ ሉክ፣ ፊትና ጀርባው ሞላ። ሐሙስ ጢሙን ተላጨ። ዓርብ ኮቱን አጥቦ አጥሩ ላይ አሰጣው። ወረቀቱን ስምንት አጥፎ መዳፌ ውስጥ አስቀመጠና ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘጋቸው።

“በእጁ ስጭው። በራሱ በሚፍታህ እጅ።”

ክብደቱ ከሌሎቹ የተለየ ነበር። እንዲህ ያለ ብርቱ ነገር ጽፎ አያውቅም ብዬ አሰብሁ።

በዚያው ዓርብ ዘሩ ታመመ። ስምንት ወሩ ነበር። መጀመሪያ ተንዘፈዘፈ፤ ከዚያ እንደ ምድጃ ድንጋይ ጋለ። የወባ ወራት ነበር፤ በዚያ ሰሞን ከሰፈራችን ሁለት ሕፃናት ተቀብረዋል። እናቴ ክሊኒክ ወስዳው ተመለሰች፤ አልተኛችም። ቅዳሜ ጠዋት ከጎረቤት ሴቶች ጋር ወደ ገበያ ስትልከኝ፣ የዘሩ ዓይን ግማሹ ተከፍቶ ነጩ ይታይ ነበር።

ፍኖተ ሰላም ደርሼ ከሚፍታህ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ከልብስ ሰፊው ሲንጀር አጠገብ ቆምሁ። ሱቁ በሰው ተሞልቷል። ሚፍታህ ጆሮው ላይ እስክሪብቶ ሰክቶ ካሴት ሲያወርድ አየዋለሁ። ሲንጀሩ ይረገጣል፤ ጨርቁ ነጭ ነበር። ወረቀቱ በላብ ራሰብኝ። ለአጎቴ የሚመጣው ቅዳሜም ቅዳሜ ነው፤ ሚካኤል ገና ነው። ዘሩ ግን የሚመጣው ቅዳሜ የለውም። ይህን አሰብሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ አጥብቄ ያሰብሁበት ቀን የለም፤ የተሳሳትሁትም ያን ቀን ነው።

አጠገቤ ካለው ጫማ ሰፊ ሥር ቁራጭ ቆዳ አነሣሁ። መንገዱን አቋርጬ ወደ ሱቁ አልገባሁም። ጅጋ ስደርስ ከበረቱ ኋላ ተቀምጬ፣ ስፌት በምማርበት ወስፌ ወረቀቱን በቆዳው ሰፋሁና እናቴ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ዘሩ አንገት ላይ አሰርሁት።

አጎቴ በሩ ላይ ይጠብቀኝ ነበር።

“ሰጠሽው?”

“ሰጠሁት።”

“አነበበው?”

“አነበበው።”

“ምን አለ?”

“ምንም” አልሁት።

እሑድ ረፋዱ ላይ ዘሩ አላበውና በረደ። ማክሰኞ ሳቀ። እናቴ የወባውን ክኒን ፈጭታ በጡቷ ወተት ስታጠጣው ዓይኔ እያየ ነበር፤ ግን ክኒኑን ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም። ምንም አልተጻፈበትም። አንገቱ ላይ ስላለው ቆዳም የጠየቀ አልነበረም። እናቴ አባቴ ከደብተራው አምጥቶ ያሰረለት መሰላት፤ አባቴም እሷ ያሰረችለት መሰለው። አንዱ ሌላው ለልጁ ብሎ ያደረገው እየመሰለው ያን ሳምንት ተፋቅረው ሰነበቱ።

ቀጣዩ ቅዳሜ መጣ። ወስፌውን ይዤ ዘሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። ልተረትረው አንድ ክር አነሣሁ። ከተከፈተ ይፈርሳል። ዘሩ ወስፌውን ሊይዝ እጁን ዘረጋና ሳቀብኝ። ክሩን መልሼ ቋጠርሁት። ሚፍታህ ሱቅ ባዶ እጄን መሄድ ስለፈራሁ ሆዴን አመመኝ ብዬ ከገበያው ቀረሁ።

አጎቴ እንደገና መመላለስ ጀመረ። ከበፊቱ የፈጠነ ነበር። ካሴቱን ይከፍትና ብረቱ ሳይነሣ ያጠፋዋል። የታጠበውን ኮት ለብሶ አጥሩ ዘንድ ይቆማል፤ በመንገዱ የሚያልፈውን ጋሪ ሁሉ ያያል።

የሚካኤል ዕለት አባቴና ሁለት ዘመዶች መጡ። ሰንሰለቱ በአንዱ ትከሻ ላይ ነበር። አጎቴ አየውና፣ “ተወው፣ አያ ላቀው። በሬው ይፈልገዋል” አለ። ከፊታቸው ቀድሞ ወጣ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ በፎጣ የተጠቀለሉትን ካሴቶች ሰጠኝ።

“አምለሰት፣ ሚፍታህ ‹ምንም› ነው ያለሽ?”

“ምንም።”

እሺ አለኝ።

ከጠበሉ አልተመለሰም። ሰባት ዓመት እዚያው ለሕመምተኞች ውኃ ሲቀዳ ኖረ፤ ከዚያ ቡሬ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆነ። ድኖ፣ ቦታውን ወድዶ የቀረ ይመስለኝ ነበር፤ እንዲህ ብዬም ለሰው አወራ ነበር። እናቴ ስትሞት መጥቶ አፈር አልብሷት ሄደ። አላደረም። እኔም ባል አግብቼ፣ ልጄን አሸናፊን ወልጄ፣ ከዘሩ አንገት የወረደውን ቆዳ ለልጄ አሰርሁ። ከጊዜ ብዛት፣ አጎቴ መጀመሪያውኑ እኛን እንዲጠብቅ የጻፈው ይመስለኝ ጀምሮ ነበር።

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት አሸናፊን አሞት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሳስተኛው የስልክ ቻርጀር ፍለጋ አንድ ሱቅ ገባሁ። ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ትክ ብሎ አየኝ። ሚፍታህ ነው። ካሴቱ ጠፍቷል፤ ግድግዳው በስልክ ሽፋን ተሞልቷል።

“አንች የዶክተሩ ልጅ አይደለሽም እንዴ?”

“የእህቱ ልጅ ነኝ፣ ጋሼ ሚፍታህ።”

“እሱ ሰውዬ መልስ ሳይልክልኝ ቀረ እኮ። ቡሬ ሁለተኛ ሱቅ ስከፍት ግባበት፣ አንተ ምረጥ፣ እኔ ልሽጥ ብዬ ጻፍሁለት። አንድ ወር ጠበቅሁ፤ ከዚያ ለሌላ ሰው ሰጠሁት። ንቆኛል ብዬ ተቀየምሁት። ሰው እንዲህ ይንቃል?” ቻርጀሩን እየጠቀለለ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ጥሩ አልነበረም።

ቻርጀሩን ተቀብዬ ወጣሁ፤ የብሬን መልስ እንኳ ሳልቀበል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም መቀመጥ አቃተኝ። የልጄን አንገት ባየሁ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ምናልባት አጎቴ እምቢ ብሎ ይሆናል፤ ያኔ ጥፋቴ ቀላል ነው። ምናልባት እሺ ብሎ ይሆናል። አሸናፊ አራተኛ ክፍል ነበር፤ አንብብልኝ ብለው ያነብልኝ ነበር። ጥፋቴን በልጄ አፍ መስማት ግን አልሆነልኝም።

ቀበሌያችን የጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት ተመዘገብሁ። አስተማሪያችን ያምሮት ታናሽ እህቴ ልትሆን የምትችል ናት። የመጀመሪያው ቀን ለምን እንደመጣን ጠየቀችን። አንዷ መፈረም እፈልጋለሁ አለች፤ አንዷ ጸሎት መጽሐፍ አለች። እኔ፣ “ወረቀት አለችኝ” አልሁ። ሌላ አልጠየቀችኝም። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ቀን የተማርሁትን ሹሮ ሳማስል በአመድ ላይ እጽፍ ነበር፤ “ጸ” እና “ጰ” ያስለቀሱኝን ያህል ባሌ አላስለቀሰኝም።

ቆዳውን የተረተርሁት ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ነው። አንድ ክር እፈታለሁ፣ ግንባሩን እነካለሁ። “እማ፣ ምን ሆነሻል?” ይለኛል። አልጋለም። ወረቀቱ በማጠፊያው ላይ ተበልቷል፤ ቀለሙ ሐምራዊ ሆኗል። የእጅ ጽሑፍ እንደ መጽሐፍ አይደለም፤ ፊደሎቹ ይተቃቀፋሉ። አራት ቀን አነበብኋት። ስጨርስ ነጠላዬን ለብሼ የቡሬ መኪና ያዝሁ።

አጎቴ ከመጋዘኑ በር ላይ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሸብቷል። ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ዝም ብለዋል። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርሁት፤ ሲንጀሩን፣ ቆዳውን፣ ዘሩን። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ባጃጅ አለፈ፣ ሌላም አለፈ።

“‹ምንም› ነው ያልሽኝ” አለ በመጨረሻ።

“አዎ።”

“እኔ ደግሞ ሚፍታህን ታዝቤው ኖርሁ። ሃያ ሁለት ዓመት። በፍኖተ ሰላም ሳልፍ በዚያ በኩል አላየሁም።” እጁን ዘረጋ። “እስቲ አምጭው።”

“አልሰጥህም። እኔ ነኝ የማነብልህ።”

ቀና ብሎ አየኝ። ሲያየኝ ነው መማሬን ያወቀው። እጁን መለሰ።

ጣቴን ከፊደሎቹ ሥር እያስኬድሁ አነበብሁ።

“ወንድሜ ሚፍታህ። ለቡሬው ሱቅ መጀመሪያ እነዚህን አስመጣ። አንደኛ፣ ባርኔጣው ዓይኑን የጋረደው ሰውዬ፣ ቡናማው ሽፋን። ለጀማሪ ነው። ብረቱ ከመግቢያው ጀምሮ አለ፤ ሰው ሳይፈራ ይለምዳል። ለአስተማሪው። ሁለተኛ፣ ሴትዮዋ በር ላይ የቆመችበት። ከሥራ ሲመጡ የሚሰማ ነው። ብረቱ ከእሷ ጋር ይነጋገራል፤ አይቀድማትም። ለነርሷ ስጣት፤ ከሁለተኛው ጎን ትጀምር። ሦስተኛ፣ የጭነት መኪናው ሥዕል። እዚህ ላይ ብረቱ ይሮጣል እንጂ አያለቅስም። ለሾፌሮች። አራተኛ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች። ሰው ለሞተበት ሰው ነው። የመጀመሪያውን ብቻ አሰማው፤ ካለቀሰ ይበቃዋል። ብረት የሌለበትን ካንትሪ ነው ብለው ቢያመጡልህ መልስ።”

አቆምሁ። ወረቀቱን ወደ ጀርባው ገለበጥሁ።

“አምስተኛው የለም?” አለ።

“አለ። አምስተኛ፣ ሥዕል የሌለበት፣ ዘፋኙ ዝም ብሎ ብረቱ ብቻውን የሚጫወትበት። ይህን ለማንም አትሽጠው። ከሚካኤል በኋላ ሰኞ ስመጣ አብረን እንሰማዋለን።”

አጎቴ ወደ መንገዱ አየ። ላለቅስ አልደፈርሁም፤ ማልቀሱ የእሱ እንጂ የእኔ አልነበረም።

“አራተኛው ልክ አይደለም” አለ።

“ምን?”

“ሰው ለሞተበት ሰው ሁለቱን ወንድማማቾች አልሁ? ያኔ አላውቅም ነበር። ሰው የሞተበት ሰው ማልቀስ መች ቸገረው? እትዬ ንግሥቴ ስትሞት የፈለግሁት ሦስተኛውን ነው፤ የሚሮጠውን።” ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ አንድ ጊዜ ዞሩ። “ሚፍታህ አለ?”

“አለ። አሁን የሚሸጠው የስልክ ዕቃ ነው።”

“ጆሮውስ አለ?”

“ጆሮውማ አለ።”

“እርሳስ ይዘሻል?”

ከቦርሳዬ ደብተሬንና እርሳሴን አወጣሁ። በሰው ፊት ጽፌ አላውቅም፤ ያምሮት ፊት ካልሆነ።

“ጻፊ። ወንድሜ ሚፍታህ። አራተኛውን ከሦስተኛው ጋር አቀያይረው።”

ጻፍሁ። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

“አምስተኛውን ካገኘኸው አትክፈተው። ቅዳሜ እመጣለሁ።”

ይህንንም ጻፍሁ። “ጋሼ፣ መልሱ የዘገየበትን ምክንያትስ ምን ልበል?”

ጎንበስ ብሎ ፊደሌን አየ፤ ምንም አላረመኝም።

“‹ልጅ ታሞብን ነበር› በይ።”